ዕዳው ሲደራረብ ከየት ይጀመራል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤተሰቦች ዝርዝር መመሪያ

ደመወዝ በገባ በማግስቱ ኪሱ ባዶ የሚሆን ቤት ብዙ ነው። ብሩ ያለቀው ለመጪው ወር አስቤዛ ተገዝቶበት አይደለም። ግማሹ ባለፈው ወር ለተበላው ነው የሄደው። ባለሱቁ ይጠብቃል፣ የስልክ ብድሩ ቀኑ ደርሷል፣ ባንኩ ቆርጧል፣ እቁቡ እሁድ ነው። አንዳንድ ቤት ደግሞ ማንም ጮክ ብሎ የማያወራው አራጣ አለ።

ይህ የመጣው በስንፍና አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያልፍባቸው ስንት ሱቅ ተዘርፎ ባዶ መደርደሪያ እንደቀረ እናውቃለን። ብዙ ሰው ዳግም የቆመው በተበደረው ዕቃና ብር ነው። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ከአሜሪካው የአጎዋ ቀረጥ ነጻ ዕድል ወጣች፤ ለውጭ ገበያ በሚሰፉ ፋብሪካዎች ላይ ለቆመ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ምት ነበር። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተደረገ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ተወደደ፣ ደመወዝ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚከተለው።

በዚህ መሃል ስልካችን አበዳሪ ሆነ። ቴሌብር በ2013 ጀመረ፤ በ2014 መጨረሻ መላ እና እንደኪሴ የሚባሉትን ብድሮች አመጣ። "ሚቹ" እና "ዱቤ አለ" የሚባሉ ሌሎች የስልክ ብድሮችም አሉ። ዋስ የለ፣ ደጅ ጥናት የለ፣ ሁለት ሦስት ቦታ መንካት ብቻ ነው። ለቸገረው ሰው ይህ እፎይታ ነው፤ አልክደውም። ግን መውሰዱ ቀላል የሆነ ብድር መደራረቡም ቀላል ነው።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን በተመሳሳይ ችግር ውስጥ የሚገቡት በክሬዲት ካርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የአገሪቱ ቤተሰቦች የካርድ ዕዳ ከ1 ትሪሊዮን ዶላር አልፏል። ወለዱ በአማካይ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ሲሆን እዚያ እጅግ ውድ የሚባል ነው። ይህን 20 በመቶ ያዙልኝ፤ የእኛን ስናሰላ እንመለስበታለን።

ዕዳችሁን በመጠኑ ወይም በአበዳሪው ጩኸት አትደርድሩት። በዋጋው ደርድሩት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህንን እንዴት እንደምታደርጉ ነው።

አንደኛ፦ ሁሉንም ዕዳ አንድ ደብተር ላይ አውጡት

ባልና ሚስት አብራችሁ ተቀመጡ። አንዳችሁ ብቻችሁን ከሠራችሁት ግማሹ ይጎድላል። የተደበቀ ዕዳ ያለበት ቤት ብዙ ስለሆነ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ተስማሙ፦ ዛሬ የሚወጣው ዕዳ ጠብ አይነሳበትም። "ለምን ተበደርክ?" የሚለው ጥያቄ ለሌላ ቀን ይቆይ። ዛሬ የሚጠየቀው "ስንት ነው? ለማን? መቼ?" ብቻ ነው።

ለእያንዳንዱ ዕዳ አራት ነገር ጻፉ፦ ለማን እንደሆነ፣ ዛሬ ስንት እንደቀረ፣ በወር ስንት እንደሚከፈልበት፣ በምን እንደተያዘ። በቃል ነው? በውል? በቼክ? በቤት ካርታ? በሰው ዋስትና?

ሰው የሚረሳቸው ዕዳዎች አሉ። ባለሱቁ ጋ ያለውን ግምታችሁን አትጻፉ፤ ሄዳችሁ የዱቤ ደብተሩን አብራችሁት ደምሩ። ስልካችሁ ላይ የብድር ገጹን ክፈቱና የቀረውንና የመክፈያውን ቀን አንብቡ፤ ሁለታችሁም ስልክ ላይ። የበላችሁት እቁብ ዕዳ ነው፤ እጣው ወጥቶላችሁ ገና የምትከፍሉት ካለ ቀሪውን ሁሉ ደምራችሁ ጻፉ። የቤት ኪራይ ውዝፍ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ውዝፍም ይግባ።

ለሰው የፈረማችሁት ዋስትና ደግሞ ለብቻው ገጽ ይኑረው። ውሉ "በአንድነትና በነጠላ" የሚል ከሆነ አበዳሪው ዋናውን ተበዳሪ ሳያሳድድ በቀጥታ ወደ እናንተ መምጣት ይችላል። ዛሬ ባትከፍሉበትም ነገ ደመወዛችሁን ሊነካ የሚችል ነገር ነው።

ሁለተኛ፦ የእያንዳንዱን ዕዳ ዋጋ አስሉ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። እኔ ግን ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ እላለሁ።

ለማስያ አንድ ቤተሰብ እናስብ። አባት ደሴ ያስተምራል፣ በየቀኑ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን ሐረጎን ይመላለሳል። እናት ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ቁጥሮቹን እኔ ያወጣኋቸው ናቸው፤ በቦታቸው የራሳችሁን ተኩ።

የስልክ ብድር 6,000 ብር፣ ለ30 ቀን፣ የአገልግሎት ክፍያው 8 በመቶ። አራጣ 20,000 ብር፣ በወር 10 በመቶ። የባንክ ብድር 60,000 ብር፣ በዓመት 17 በመቶ፣ ለሦስት ዓመት፤ በወር ወደ 2,140 ይቆረጣል። የተበላ እቁብ፣ በወር 2,000፣ ሰባት ወር የቀረው። የሱቅ ዱቤ 3,500። ከእህት የተወሰደ 10,000። ከስልኩ ክፍያ ጋር ሲደመር ወደ 114 ሺህ ብር ይመጣል።

አብዛኛው ሰው ይህን ሲያይ የሚደነግጠው በባንኩ 60 ሺህ ነው። ትልቁ ቁጥር እሱ ነዋ። ዋጋውን ግን ተመልከቱ። አንድ ዓይነት መለኪያ ለማግኘት ሁሉንም ወደ ዓመት ቀይሩት። የወር ከሆነ በ12 አባዙ።

አራጣው በወር 10 በመቶ ነው፤ በዓመት 120 በመቶ። የስልኩ 8 በመቶ ለ30 ቀን ብቻ ነው። በየወሩ እየመለሳችሁ እንደገና ከወሰዳችሁት በዓመት 96 በመቶ ይሆናል። ባንኩ 17። እቁቡ፣ ባለሱቁና እህት ዜሮ። ያ አሜሪካ ውስጥ ሰው የሚያማርርበት ካርድ 20 በመቶ ነበር።

የስልኩ ብድር ለዚህ ነው የሚያታልለው። "480 ብር ብቻ" ይመስላል። አይጮህም፣ ደጃፍ አይመጣም፣ ዘመድ አይልክም። በየወሩ ከታደሰ ግን በዓመት 5,760 ብር ወስዶ 6,000ው እንዳለ ይቀመጣል። አንዳንዱ ደግሞ ክፍያውን ከፊት ይቆርጣል፦ 5,000 ተበድራችሁ 4,600 ቢገባላችሁ፣ 400ው የተከፈለው በ4,600 ላይ ነው፤ ከ8 በመቶ ይበልጣል። ስታሰሉ እጃችሁ የገባውን እንጂ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን አትያዙ።

ስሙ ወለድ ይሁን የአገልግሎት ክፍያ፣ ስሌቱ አንድ ነው። በሃይማኖት በኩል ያለውን ጥያቄ ዑለማዎቻችሁን ጠይቁ። ከኪስ የሚወጣው ብር ግን በስሙ ምክንያት አይቀንስም።

ሦስተኛ፦ መጀመሪያ የሚከፈለውን ለዩ

ከሁሉም ዕዳ በፊት የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ መድኃኒትና የሥራ ትራንስፖርት አለ። እነዚህን አጉድላችሁ ዕዳ ከከፈላችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመልሳችሁ ትበደራላችሁ።

ቀጥሎ ለሁሉም አበዳሪ መደበኛውን ክፈሉ፦ የባንኩን ወርሃዊ፣ የእቁቡን፣ የአራጣውን ወለድ። ከዚህ በላይ የምትተርፍ ብር ሁሉ ግን ለሁሉም አትበተን። ወደ ውዱ ዕዳ ብቻ ትሂድ።

ሁለት ዕዳዎች ከዋጋቸው ውጭ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። አንዱ ቼክ ፈርማችሁ የሰጣችሁበት ነው። በባንክ በቂ ገንዘብ (ስንቅ) የሌለው ቼክ መስጠት በወንጀል ያስጠይቃል፤ አራጣ አበዳሪዎች ባዶ ቼክ የሚያስፈርሙት ለዚህ ነው። ሌላው በቤት ካርታ የተያዘው ነው። እነዚህ ሁለቱ ላይ የአንድ ወር ክፍያ እንኳ አይለፋችሁ።

እቁብም አይለፋችሁ። ወለድ የለውም፣ ግን ዋስ የሆነላችሁ ሰው አለ። ነገ ሲቸግራችሁ የሚያነሳችሁም ያው ማኅበር ነው።

አራተኛ፦ አዲስ ዕዳ የሚገባበትን በር ዝጉ

ስልክ ላይ ያለውን ብድር "ለክፉ ቀን" ብላችሁ ክፍት አትተዉት። እንደኪሴ ዓይነቱ፣ ስትከፍሉ ሒሳባችሁ ሲጎድል የሚሞላው፣ ሳታስቡት ያበድራችኋል። እንደማትፈልጉት ወስኑና አገልግሎቱን አስወጡ። ቀኑ ያለፈ ብድር ካለ ደግሞ ወደዚያ የስልክ ሒሳብ የሚገባው ብር በቀጥታ ሊቆረጥ ይችላል። ዘመድ የላከላችሁን የመድኃኒት ብር በሌላ ሒሳብ ተቀበሉ።

የሱቅ ዱቤን በአንድ ቀን ማቆም ይከብዳል። ለሳምንት የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ ለዩ፤ ጥሬ ዕቃውን ሰኞ ገበያ ወይም ኮምቦልቻ ገበያ ወጥታችሁ ግዙ፤ ሱቁን ለጨውና ለክብሪት ብቻ ተጠቀሙ። ከጎረቤት ጋር ኩንታል ጤፍ ገዝቶ መከፋፈልም ኪሎ በኪሎ ከመግዛት ይሻላል።

ወሎ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ በዓል አለ። አረፋውም ገናውም መውሊዱም የሁላችንም ነው፤ ጎረቤት ይጠራል፣ እኛም እንጠራለን። ይህን ተዉ ብዬ አልመክርም፤ እንዲቀርም አልፈልግም። በተበደረ ብር ግን በግ አትረዱ። ዕዳው እስኪያልቅ ቅርጫ ግቡ፣ ወይም የዘንድሮውን በዶሮ አሳልፉት። ለልጅ ሰርግ የተያዘ ድግስ ካለ ከዕዳው በኋላ አድርጉት፤ ካልተቻለ የተጋባዡን ቁጥር ቀንሱ።

አምስተኛ፦ ከአበዳሪዎቹ ጋር ተነጋገሩ

መደበቅ ዕዳን ያስወድዳል። ቀኑ ከማለፉ በፊት ሂዱ።

ባለሱቁን እንዲህ በሉት፦ "ጋሼ፣ ያለብኝን ዕዳ አልረሳሁም። 3,500 ነው፣ ደብተሩ ላይም እንደዚያው ነው። ባንድ ጊዜ መክፈል አልቻልኩም። በየወሩ ደመወዝ በገባ ቀን 500 አመጣለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ በእጅ ነው የምገዛው።" አብዛኛው ባለሱቅ ይህን ይቀበላል። እሱም አከፋፋዩ ጋ ዕዳ አለበት፤ ቀኑን የሚያውቀው ብር ከማያውቀው ይሻለዋል። አንዴ ከተስማማችሁ ግን ቀኑን አትሳቱ። 300 ብቻ ካላችሁ 300ውን ይዛችሁ ሂዱ።

ባንክ ጋ ከሆነ ወደ ብድር ክፍሉ ሄዳችሁ የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘም በጽሑፍ ጠይቁ። ገቢያችሁ መቀነሱን የሚያሳይ ወረቀት ያዙ። ጊዜው ሲራዘም የወሩ ክፍያ ይቀንሳል፣ ጠቅላላ ወለዱ ግን ይጨምራል፤ ስለዚህ የግድ ካልሆነ አትጠይቁ። የተበላሸ ብድር በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ሥርዓት ስለሚመዘገብ ሌላ ባንክ ሄዳችሁም ይታያል።

አራጣ አበዳሪ ጋ ብቻችሁን አትሂዱ። ሁለቱም ወገን የሚያከብራቸው ሽማግሌዎች ይዛችሁ ሂዱ። የምትጠይቁት ግልጽ ይሁን፦ ዋናውን በከፊል እንዲቀበል፣ ወለዱም በቀረው ላይ ብቻ እንዲታሰብ። ብዙዎቹ "ወይ ሙሉውን፣ ወይ ወለዱን" ይላሉ፤ ሽማግሌው የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው።

ሕጉንም እወቁት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በሰዎች መካከል በሚደረግ ብድር የሚፈቀደው ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ አይበልጥም። የባንኮች ለብቻው ነው። በወር 10 የሚያስከፍል ሰው ከሕጉ ጣሪያ አሥር እጥፍ እየወሰደ ነው። ሰው ሲቸገር አይቶ በአራጣ ማበደር በወንጀል ሕጉም ያስቀጣል። ችግሩ ውሉ ላይ ያለው ነው፦ 20 ሺህ ወስዳችሁ 35 ሺህ እንደተቀበላችሁ ከፈረማችሁ፣ ወለዱ ወረቀቱ ላይ አይታይም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በእጅ አትክፈሉ። በባንክ ወይም በስልክ አስተላልፉ፣ ምክንያቱ ላይ "የዕዳ ክፍያ" ብላችሁ ጻፉ። የከፈላችሁት ሁሉ ማስረጃ ይኑረው። ማስፈራሪያ ከመጣ ወይም የቤት ሽያጭ ውል ፈርሙ ከተባላችሁ ሳትፈርሙ ጠበቃ አማክሩ። የጠበቃ አቅም ከሌላችሁ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ነጻ ድጋፍ ጠይቁ።

ስድስተኛ፦ ውዱን ዕዳ በርካሽ ቀይሩት

ከቻላችሁ ትልቁ መውጫ ይህ ነው። በመሥሪያ ቤታችሁ የቁጠባና ብድር ማኅበር ካለ ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ የሚያበድረው ለቆጠቡት ሰዎች፣ በቆጠቡት ልክ ነው። ቀድሞ አብቁተ ይባል የነበረው ፀደይ ባንክም የተነሳው ከአነስተኛ ብድር ሥራ ስለሆነ ቅርንጫፉን ጠይቁ።

ስሌቱን እዩት። 20,000 ብር በዓመት 15 በመቶ ተበድራችሁ በ12 ወር ብትመልሱ፣ የወሩ ክፍያ ወደ 1,805 ብር ነው። ለአራጣው ወለድ ብቻ የምትከፍሉት ግን 2,000 ነው። እየቀነሳችሁ እየከፈላችሁ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ዕዳው አለቀ። በአራጣው ግን ዓመቱ ሲያልቅ 24,000 ብር ወጥቶ 20,000ው እንዳለ ነው።

ይህን ስታደርጉ ብሩ ቤት አይደር። በዚያው ቀን ለአራጣ አበዳሪው ይከፈል፣ ቼኩና ውሉ በዚያው ቀን ይመለስ። ኪስ ከገባ ሌላ ቀዳዳ ይደፍናል፤ ከዚያ ሁለት ዕዳ ይኖራችኋል። የስልክና የምግብ ዕዳ ለመክፈል ብላችሁም የቤት ካርታ አታስይዙ።

ወለድ ለማትነኩ ወገኖች መንገዱ ትንሽ ይለያል። ያለ ወለድ የሚሠሩ ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች አሉ፤ ሌሎቹም ወለድ አልባ መስኮት አላቸው። ሙራባሃ ግን ባንኩ ዕቃ ገዝቶ በትርፍ የሚሸጥላችሁ ነው፤ አራጣ ለመክፈል ጥሬ ብር አይሰጣችሁም። ለእናንተ የሚሻለው ከዘመድ የሚገኝ ቀርድ (ወለድ የሌለው ብድር) ነው፣ ወይም ያልበላችሁት እቁብ። ለእቁቡ ዳኛ ችግራችሁን ንገሩ፤ ቀድሞ ከደረሰው አባል ጋር እጣ መለዋወጥ የተለመደ ነው። ሥራ የማይሠራበት ወርቅ ወይም ዕቃ መሸጥም አለ። ያማል፤ ግን 120 በመቶ የሚወስድ ዕዳ ላይ ተቀምጦ ወርቅ መያዝ ከዚያ የበለጠ ያስከፍላል።

ሰባተኛ፦ መቀየር ካልተቻለ በወር በወሩ አውርዱት

ያ ቤተሰብ በወር 2,500 ብር አተረፈ እንበል። 500ው ለባለሱቁ ይሄዳል። 2,000ው፣ ለስልኩ ሲከፍሉት ከነበረው 480 ጋር፣ 2,480 ይሆናል፤ ይህ መጀመሪያ ወደ ስልኩ ብድር ይሂድ።

ከአራጣው ይልቅ ስልኩን ያስቀደምኩት ዋጋቸው ስለሚቀራረብና ስልኩ ትንሽ ስለሆነ ነው፤ በሦስት ወር ያልቃል። ሙሉውን ባንድ ጊዜ መክፈል ካልቻላችሁ ስታድሱት አሳንሱት። በመጀመሪያው ወር 6,480 ይመለሳል፤ 4,000 ብቻ መልሳችሁ ውሰዱ፣ 2,480 ከኪስ። በሁለተኛው 4,320 ይመለሳል፤ 2,000 ውሰዱ፣ 2,320 ከኪስ። በሦስተኛው 2,160 ከፍላችሁ ዝጉት። በመሃል የተረፈው 480 ብር ለሕመምና ለድንገተኛ ነገር ይቀመጥ።

ከአራተኛው ወር ጀምሮ 2,480ው ከአራጣው ወለድ 2,000 ጋር ተደምሮ 4,480 ወደ አራጣው ይሂድ። ከፊል ክፍያ ከተቀበለ 20,000ው ወደ 17,520 ይወርዳል። ከዚያ 14,792፣ 11,791፣ በሰባተኛው ወር 8,490። በየወሩ ወለዱ እየቀነሰ የምትከፍሉት ዋናውን የበለጠ ይበላል። በሰባተኛው ወር እቁቡ አለቀ፣ የባለሱቁም አለቀ። የእቁቡን 2,000 ጨምሩበት፤ አራጣው በዘጠነኛው ወር ያልቃል። በአስራ አንደኛው ወር የእህት 10,000 ተመልሷል። የቀረው ባንኩ ብቻ ነው፣ እሱም በጊዜው እየተቆረጠ።

ከፊል አልቀበልም ካለ ብሩን በሌላ ሒሳብ አጠራቅሙና ስትደርሱ ባንድ ጊዜ ክፈሉት። የኤቲኤም ካርዱን ግን የምታምኑት ሰው ይያዝላችሁ።

ስምንተኛ፦ ዕዳ ሲያልቅ ወረቀቱን ተቀበሉ

ብዙ ሰው የመጨረሻውን ብር ሰጥቶ እፎይ ብሎ ይሄዳል። አትሂዱ። የግል ብድር ከሆነ ዋናውን ውልና ቼኩን ተቀበሉ፣ "ተከፍሎ አልቋል" የሚል ጽሑፍም በምስክር ፊት አስፈርሙ። ዋሶቻችሁን ጠርታችሁ አሳዩአቸው። የደመወዝ ዋስትና ደብዳቤ ከነበረ ለመሥሪያ ቤቱ የማንሻ ደብዳቤ ይጻፍ። ቤት ተይዞ ከነበረ ባንኩ ለከተማው የይዞታ ጽሕፈት ቤት የእገዳ ማንሻ መጻፉን፣ ጽሕፈት ቤቱም መመዝገቡን ራሳችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ። ስልኩ ላይ ቀሪው ዜሮ መሆኑን አይታችሁ ምስሉን አስቀምጡ። ባለሱቁም ደብተሩ ላይ ስማችሁን በፊታችሁ ይሰርዘው።